ሞተሪኖ ግቢ ውስጥ ይፈታል? የሳቢያኗና የከዚራው ክርክር

የክርክሩ ርዕስ አጭር ነው። «የመኪና ሞተሪኖ ሲበላሽ ባለመኪናው ራሱ ቤቱ ቢቀይረው ያዋጣል ወይ?» ሞተሪኖ የምንለው ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን ገፍቶ የሚያስነሳውን ትንሹን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ያዋጣል የምትለው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምትኖር መምህርት ናት። አያዋጣም የሚሉት ከዚራ አካባቢ ዕድሜያቸውን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ባለሙያ ናቸው። ሁለቱም «ስማችን ይቅር» ስላሉ በሰፈራቸው እንጠራቸዋለን።

ሳቢያን፦

ጋሼ፣ በድሬ ደንብ «አንተ» ብልዎት ማንም አይፈርድብኝም። ግን ጽሑፍ ነውና «እርስዎ» ልበል።

ማንዋል ማርሽ ያላት ኮሮላ አለችኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» አለችና ዝም። ደገምኩ። «ቀጭ»። ተማሪ ይጠብቀኛል። የሰፈር ልጆች ገፉልኝ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሳች። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ማቆሚያ ስመርጥ ጥላ ሳይሆን ቁልቁለት ነበር የምፈልገው። በድሬ ፀሐይ!

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት «ሞተሪኖው ተቃጥሏል፣ ሙሉውን ይቀየራል» አለኝ። ነገ ነይ። ከነገ ወዲያ ነይ። በአራተኛው ቀን ተናደድኩና ያገለገለ ሞተሪኖ ገዝቼ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ በማለዳ ጀመርኩ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ቀጥሎ ሞተሪኖው ላይ የታሰረውን ወፍራም ገመድ በ12 ቁልፍ፣ ቀጭኑን ሶኬት በእጄ። ሞተሪኖውን ራሱን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ 14 ቁልፍ ይገባቸዋል። የላይኛው ወዲያው ለቀቀ። የታችኛው ግን ንቅንቅ አልል አለ። የዝገት ማላቀቂያ ረጨሁበትና ገብቼ ቡና አፈላሁ። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ስመለስ «ጧ» ብሎ ተላቀቀ። አዲሱን በቦታው አስገብቼ አሰርኩ፣ ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ መለስኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። በድምሩ ሦስት ሰዓት አልሞላም፣ ቡናውን ጨምሮ።

ታዲያ ለዚህ ነው አራት ቀን የተመላለስኩት?

ከዚራ፦

አቦ፣ «አንተ» ብትይኝም ግድ የለኝም።

ጎበዝ ነሽ። የኔጌቲቩን ነገር ማወቅሽ ደስ ብሎኛል። ግን ልጄ፣ ብሎን መፍታት ማን ያቅተዋል? የእኛ ሥራ ብሎኑ ጋ ከመድረሳችን በፊት ነው። «ቀጭ» አለች ነው ያልሽው። አንዴ «ቀጭ» ነው ወይስ «ቀጨጨጨጨ»? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚንጨጨው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ስለደከመ ወይም ጫፉ ላይ ያ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ስለያዘ ነው። የድሬ ሙቀት ባትሪ ይበላል። «ዥዥዥ» ብሎ በባዶ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ቮላኖውን፣ ያንን የሞተሩን ትልቅ ጥርሳም መዘውር፣ አልያዘም ማለት ነው። ሰው ይህን ሳይለይ ሞተሪኖ ይገዛል፣ ይቀይራል፣ መኪናው ያው «ቀጨጨጨ»። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣና ሻጩን ይረግማል።

ሁለተኛ፣ ሁሉም መኪና እንደ ኮሮላሽ አይደለም። አንዳንድ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ላይ ሞተሪኖው ያለው ከላይ፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል፣ ከአየር ማስገቢያው ስር ነው። እሱን ለማየት ብቻ ግማሽ ቀን ትፈቻለሽ።

ሦስተኛውን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ቀጥታ ነው የሚመጣው፤ በአብዛኛው መኪና ላይ መሃሉ ፊውዝ የለውም። ትንሽ የቤንዚን መኪና ሲነሳ በእሱ ውስጥ ከ100 እስከ 200 አምፔር ያልፋል። አንድ ወጣት ሹፌር፣ አዲስ ሙሽራ፣ ኔጌቲቩን ሳይፈታ ፖዘቲቩ ላይ ቁልፍ አሳረፈ። ቁልፉ ቀለበቱን ነካ፣ ቀለበቱ ቦዲውን። ዓይን እስኪከደን ነው። ቀለበቱ ቀላ። ከጣቱ ስናወጣለት ቆዳው አብሮ መጣ። ዛሬም ጣቱ ላይ የቀለበት ቅርጽ አለው፤ ቀለበት ግን አያደርግም።

ክሪኩስ? አፈር ላይ፣ በክሪክ ብቻ አንስቶ ስር መግባት! ስለዚህ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሳቢያን፦

ስለ ክሪክ ልክ ነዎት፣ አልከራከርም። የእኔ ከላይ ስለሚደረስበት ስር አልገባሁም። ስር የሚያስገባ ቢሆን መኪናዋን ደግፎ የሚይዝ ደህና ካቫሌቶና ሲሚንቶ ወለል እፈልግ ነበር። ካልሆነ ይቅርብኝ።

ስለ «ቀጭ» ግን እኔም ዝም ብዬ አልገባሁበትም። ወንድሜ ቴስተር አለው። ባትሪው በእረፍት 12.5 ቮልት ነበር። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር እኔ አነበብኩ። «ቀጭ» ባለች ቁጥር 12.3 ነው፣ አይወርድም። የፊት መብራቱን አበራሁ፣ ሲያዞር አልደበዘዘም። ጫፎቹን በሙቅ ውሃ አጥቤ አጥብቄያቸዋለሁ። ስለዚህ ባትሪ አይደለም፣ ሞተሪኖ ነው አልኩ። እውነቴን አልነበረም?

ደግሞ ስለ ሞተሪኖ አመጣጥ ያነበብኩት ነገር አለ። መኪና ድሮ በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞር ብረት፣ ነበር የሚነሳው። ጡንቻ የሌለው አያስነሳም፤ ማኖቬላው መልሶ ሲመታ እጅ ይሰብራል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ካዲላክ ላይ የገባው ለ1912 ሞዴል ነው (እ.ኤ.አ.)። ዕቃው ሰው ራሱን እንዲችል የመጣ ነው። ሲበላሽ ግን ወደ ልመና ይመልሰን?

ከዚራ፦

ማኖቬላን ለእኔ! እኔ የተማርኩት በፔጆ 404 ነው። ማኖቬላውን ከፊት ታስገቢያለሽ፣ አውራ ጣትሽን ከሌሎቹ ጣቶችሽ ጋር በአንድ በኩል ታደርጊያለሽ፣ ከስር ወደ ላይ ስበሽ ታስነሺያለሽ። አውራ ጣቱን አዙሮ የጨበጠ በእጁ ይከፍላል።

አሁን ወደ ቴስተርሽ ልምጣ። 12.3 ነው ያልሽው? ቆይ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ጨንቆት ቢሆን ኖሮ ባትሪውን ይጎትተው ነበር። ደህና ባትሪ ሲያስነሳ እንኳን ወደ 10 ቮልት ይጠጋል፣ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን እጠረጥራለሁ። ያንቺ ግን ከነጭራሹ አልወረደም፤ መብራቱም አልደበዘዘም። ይህ ማለት «ቀጭ» ያለው ሶሌኖይድ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ሠርቷል፣ ኃይሉ ግን ወደ ሞተሪኖው አላለፈም። ሞተሪኖሽ አልተቃጠለም ነበር።

የአብዛኛው ቶዮታ ሞተሪኖ የዴንሶ ኩባንያ ሥራ ነው። ከኋላው ክብ ክዳን አለ፣ በሦስት ትንንሽ ብሎኖች የታሰረ። ስትከፍቺው ሁለት የመዳብ ቁራጮች ታያለሽ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ። ቁልፍ ባዞርሽ ቁጥር አንድ የመዳብ ዲስክ ይመጣና ይነካቸዋል፣ ብልጭ ይላል፣ ትንሽ ይበላቸዋል። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጎን እንደ ጨረቃ ይጎደጉዳል። ዲስኩ ይመጣል፣ «ቀጭ» ይላል፣ አይነካም። የሚቀየሩት እነዚያ ቁራጮች ናቸው፤ ዋጋቸው ከሞተሪኖው ጋር አይወዳደርም። ካርቦኖቹ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት) አልቀው ሊሆንም ይችላል፤ እሱም ያው ይቀየራል። አንቺ ግን ደህና ሞተሪኖ አውልቀሽ ታሪኩን የማታውቂውን አስገባሽ። እሱስ መዳቡ ስንት ቀርቶታል?

ይህን ነው የምልሽ። ቁጥሩን በትክክል አነበብሽ፣ ትርጉሙን ሳትሽው።

ሳቢያን፦

ይህ አመመኝ። እውነት ነው፣ ክዳኑን አልከፈትኩም።

ግን ጋሼ፣ ማነው «ተቃጥሏል፣ ሙሉውን ይቀየራል» ያለኝ? ባለሙያው አይደል? ቴስተር እንኳን አልያዘም። እኔ የሳትኩት ለክቼ ነው፣ እሱ የሳተው ሳይለካ ነው። እርስዎ ዘንድ የደረሰ ይታደላል። በየሰፈሩ ያለው ሁሉ ግን እንደ እርስዎ ክዳን ከፍቶ መዳብ የሚያይ ይመስልዎታል? «ሥራን ለባለሙያ» ሲሉኝ ባለሙያውን በምን ልለየው?

ለዚህ ነው ሐሳቤን የማልቀይረው። ወይም በግማሽ ልቀይር። ኔጌቲቭ ፈትቼ፣ ሁለት ብሎን አላልቼ ሞተሪኖውን ቤቴ ላውጣ። ከዚያ በፌስታል ይዤ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ እርስዎ ጋ ልምጣ። መኪናዬ ጋራዥ በር ላይ አራት ቀን ፀሐይ አይበላትም። እርስዎም ከፊቴ ይከፍቱታል፣ እኔም አያለሁ።

ከዚራ፦

በፌስታል ይቀደድብሻል፣ ሦስት አራት ኪሎ ነው። በዘንቢል አምጪው።

ሁለት ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ስትመልሺው ብሎኑን በእጅሽ ጀምረሽ እስከሚችለው አስገቢው፣ ከዚያ ቁልፍ። ብሎኑ የሚገባበት የካምቢዮው (የማርሹ) ቤት አሉሚኒየም ነው፤ አጣመሽ ከጀመርሽው ጥርሱ ይበላና ያኔ የእውነት ጋራዥ ትገቢያለሽ። ሁለተኛ፣ አልነሳ ሲልሽ ቁልፉን ይዘሽ አትቆይ። አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ ልቀቂው፣ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ። ሞተሪኖ የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ ነው።

ስለ ሰፈሩ መካኒክ ያልሽውን ሰምቻለሁ። መልስ የለኝም።

የድሮውን ሞተሪኖ ምን አደረግሽው? ለቁራሌው ሸጥሽው እንዳትዪኝ።

ሳቢያን፦

አልሸጥኩትም። የውሃ በርሜሌን ክዳን ንፋስ እንዳይወስደው ጭኜበታለሁ።

ከዚራ፦

ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተኪና አምጪው። ከስድስት ሰዓት በፊት ግን፤ ከዚያ በኋላ እዘጋለሁ።