ለክቡር ክላክስ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሲጠሩ አለመገኘትዎን፣ ሳይጠሩ መገኘትዎን ይመለከታል።

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የኔን አይጠይቁ። ይህን የምጽፍልዎ ደሴ፣ ሆጤ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ ቮልሷ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ኪሴ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። ሁለቱም የተጻፉት ማክሰኞ ነው። አንደኛው «ክላክስ አይሠራም» ይላል። ሁለተኛው «ያለ አግባብ ክላክስ በማሰማት» ይላል። ታርጋው በሁለቱም ላይ የኔው ነው።

ከጠዋቱ ልጀምር።

የቦሎ ሰልፍ ለማንም አይነገርም፣ ሁሉም ቆሞበታል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ደረስኩ። ሊብሬ ይዣለሁ። ሦስተኛ ወገን ይዣለሁ። የሁሉንም ኮፒ ይዣለሁ፤ ልምድ ስላለኝ የኮፒውንም ኮፒ ይዣለሁ። ሲስተሙ አራት ሰዓት ላይ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ አምስት ተኩል ሆነ።

መርማሪው ልጅ ጨዋ ነው፣ አልዋሽም። የፊቱን ኮፈን አስከፈተኝና ትርፍ ጎማ ሲያይ ክው አለ። «ጋሼ፣ ሞተሩስ?» ከኋላ ነው አልኩት። የራዲያተር ውሃ ጠየቀኝ። የላትም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ተወኝ። ፍሬን አለፈ። መብራት አለፈ። ፍሬቻ አለፈ። በፈረንጅ የ1968 ሞዴል ናት እኮ! ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ማየት ነበረብዎት። ያኔ ነው «እሺ፣ ክላክስ» ያለው።

ተጫንኩ።

ዝም።

በአውራ ጣት ሞከርኩ። በመዳፍ ሞከርኩ። በቡጢ ሞከርኩ። ከኋላዬ የቆመው የአይሱዙ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «በአፍዎ ይበሉት!» አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «አብሽር ወንድሜ» አሉኝ። እሱ ደግሞ ከሳቁ ይበልጥ አመመኝ። ልጁ አዝኖልኝ «ትንሽ እንጠብቀው እስኪ» አለ። ጠበቅንዎ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ ክላክስ ጠበቀ። ወላሂ እንዲህ የተጠበቀ ሙሽራ አላየሁም።

ልጁ ጻፈ፣ ቀደደ፣ ሰጠኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደብዳቤም አያስፈልግም ነበር። ግን ከግቢው ልወጣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩና እርስዎ ጮኹ። እጄ እርስዎ ዘንድ የለም። ልጁ «ሠራ! ጋሼ ሠራ!» እያለ እየሮጠ መጣ። መሪውን ቀና አድርጌ ቆምኩለት። «እስኪ አሁን ያሰሙኝ።» ተጫንኩ። ዝም። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመለሰ።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተቀመጠች ከተማ ናት። ቀጥ ያለ መንገድ ፈልገው ያምጡልኝ። በየኩርባው እየጮህን ወረድን። አደባባይ ላይ ደረስን። አደባባይ ደግሞ ከገቡበት እስከሚወጡበት ግራ ነው። በዚያ ላይ ከፊቴ ጀናዛ አለ። ሰዎቹ ተሸክመው በእግራቸው ያልፋሉ። መኪናው ሁሉ ቆሟል። ባጃጆቹ እንኳ ቆመዋል። ባጃጅ ቆመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደሴ ያውቃል። እኔም ቆምኩ፤ መሪው ግን እንደተጠመዘዘ ነው። እርስዎም አላቋረጡም።

ጀናዛ ሳይ ከመኪና ወርጄ የምቆም ሰው ነኝ። አንድ ትልቅ ሰው ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። «አላህ ይምራህ» ብለው አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትራፊኩ መጣ። የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣሁለት። ክላክሱ እንደማይሠራ በማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃ አለኝ አልኩት። እኔ «አይሠራም» እያልኩ እርስዎ ከላዬ ላይ ይጮኻሉ። ሳቁን ውጦ ጻፈልኝ።

አንድ ነገር ግን አለ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። አንቱታውም ይቅር። ባለፈው ክረምት ሐረጎን ስንወርድ ትዝ ይልሃል? ጉሙ ከአፍንጫ በላይ አያሳይም። ኩርባው ላይ በግ የሚነዳ ልጅ ብቅ አለ። ተጫንኩህ። ዝም አልክ። ደግሜ ተጫንኩህ። ዝም አልክ! ፍሬኑ ባይይዝ ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ የምጽፈው ለአንተ አልነበረም። ልጁ ስቆ በጎቹን ነዳ። እኔ ግን ዳር ይዤ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ቁጭ አልኩ። ለሬሳ የሚወጣ ድምፅ ለሕያው ልጅ እንዴት ይጠፋል?

ይቅርታ፣ ወደ አንቱታው ልመለስ።

የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ አጀቡ ሁሉ ሲያንባርቅ እርስዎ ጸሎት ላይ ነበሩ። እሱን ትቼዋለሁ። ወሎ የባቲና የአምባሰል አገር ናት፤ እርስዎ ግን ከአራቱ ቅኝት የያዙት ትዝታን ብቻ ነው። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ሠርቶ በ2003 ሜክሲኮ ላይ በቃኝ ያለው ስለእርስዎ ሰምቶ ይመስለኛል።

ባለሙያ አላመጣሁም እንዳይሉ። የመጀመሪያው ፊውዝ ቀየረ። ሁለተኛው በባትሪው አሳበበ። ሦስተኛው አንዴ እንኳ ሳይነካዎት «ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» አለ። ትናንት የመጣው ጎረምሳ የያዘው ረጅም ሽቦ ብቻ ነው። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ስር ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከፊት በግራ ፓራፋንጎ ስር ጭቃ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሽቦውን ከኋላ እስከ ፊት ዘርግቶ በቀጥታ አገናኘዎት። የሆጤ ውሻ በሙሉ መለሰልዎ! ጤነኛ ነዎት።

ከዚያ አስረዳኝ። ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በፊውዙ አልፎ እርስዎ ዘንድ መጥቶ ይጠብቃል። መሪው ላይ የምጫናት ነገር ኤሌክትሪክ አትልክም። ሁለተኛውን ሽቦ ከማሳ፣ ከመኪናው ብረት ጋር፣ ታገናኛለች እንጂ። ያ ሽቦ ከተበጠሰ ቢደበድቡትም ዝም ነው። ልባሱ ተልጦ ብረት ከነካ ደግሞ ማንም ሳይጫነው ይጮኻል። የኔው ሁለቱንም ሆኗል። መሪው ስር ተበጥሷል፤ የተራቆተው ጫፍ ወደ ግራ በዞርኩ ቁጥር ብረቱን ይስማል። አንድ ሽቦ፣ ሁለት ወረቀት።

እናም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አሉ። ይሁን። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ጀናዛው ፊት የተሰማው የሽቦ ድምፅ አልነበረም።

ቅጣቱን ልከፍል ሄጄ ሲስተም የለም ብለውኛል። ጎረምሳው ሽቦውን ቀጥሎ በናስትሮ ጠቅልሎታል። ሐሙስ ጠዋት ድጋሚ ምርመራ አለን፤ ኮፒው ተዘጋጅቷል። መሪውን ቀጥ አድርጌ እቆማለሁ። ልጁ «ክላክስ» ሲል አንዴ ይበሉልኝ። የአይሱዙው ሾፌር ካለ ሁለቴ።