ሳይክሉ አዲስ፣ ጉልበቴ አለቀ

ኧረ በአላህ! ሰው ሱሪ ሲያሰፋ እንኳ ይለካል። የትራያትሎን (ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ውድድር) ሳይክል ገዝቼ ደሴ ላይ በወጉ የሚለካኝ ሰው አጣሁ። ያገኘሁት ባለሙያ ከላይ እስከ ታች አየኝና ኮርቻውን ከፍ አድርጎ «ትለምደዋለህ» ብሎ ሸኘኝ። ምኑን ነው የምለምደው? ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት። የእኔ ግን ሊገተር ምንም አልቀረውም። ዳሌዬ በየዙሩ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የክርን ማሳረፊያውም ርቆ ስለታሰረ ትከሻዬ ይቃጠላል፣ አንገቴ ይደርቃል።

እንዲህ ሆኖ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አስቡት። የዚህ ሳይክል ማርሽ መቀየሪያ ወደፊት በተዘረጋው መያዣ ጫፍ ላይ ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ በጎን ባለው መሪ ላይ። ክርንህን አስደግፈህ ስትወርድ እጅህ ፍሬን ላይ የለም ማለት ነው። ከታች ሲኖትራክ እያቃሰተ ይመጣል፣ ከኋላ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይለቀዋል፣ ኩርባው ደግሞ አያልቅም። መልሶ መውጣቱንማ ተዉት!

የሚያናድደኝ ነገሩ ከባድ አለመሆኑ ነው። ሜትር፣ የብሎን መፍቻና ትንሽ ትዕግስት ይበቃል። ሰውየው ግማሽ ሰዓት ቢሰጠኝ ምን ነበረበት? ሒሳቡን እንደሆነ ሙሉውን ነው የተቀበለኝ!