ፍሬኔና የሰፈሬ መካኒኮች

በአገራችን ኮፈን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ገንዘብ ቸግሮት የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ዘወር ብሎ የሚያየው ላያገኝ ይችላል፤ ኮፈን የከፈተ እንደሆነ ግን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አራት አማካሪ፣ ሁለት ተቃዋሚና አንድ «ሽጣት» የሚል ሰው ይከቡታል። ይህን የምለው ዲኤክስ ኮሮላዬ ፍሬኗ የደነደነባቸውን ሦስት ሳምንታት በሰፈሬ ሰዎች መካከል ስላሳለፍኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ነው። ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ እንደ ልማዱ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ቆመ፤ እኔም እንደ ልማዴ ፍሬኑን ነካ ባደርገው ፔዳሉ አልታዘዝም አለኝ። ወለሉ ድረስ ሰምጦ ቢሆን ኖሮ ዘይት ፈሰሰ ብዬ እደነግጥ ነበር፤ ይህኛው ግን የድንጋይ ደረጃ የረገጥኩ ይመስል ከላይ ቀረ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ በሁለት እግሬ ስቆምበት፣ በመኪናዬ አፍንጫና በሚኒባሱ ጀርባ መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ሲቀር እያቃሰተች ቆመች። ወያላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ርቀቱን ከለካ በኋላ፣ «ፋዘር፣ ይግቡ! አንድ ሰው የቀረው!» አለኝ።

ማታ በራፌ ላይ ኮፈን ስከፍት ከሁሉም ቀድመው የደረሱት በአሰብ መንገድ ኤንትሬ ሲነዱ የኖሩት ጡረተኛው ጎረቤቴ ነበሩ። «ንፋስ አጥሯት ነው፤ ንፋስ ይሞላላት» ሲሉ ፈረዱ። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በኮምፕረሰር ታምቆ በተጠራቀመ አየር ስለሆነ፣ ፍርዳቸው ከልምዳቸው ጋር አይጣላም፤ የእኔዋ ግን የምትሠራው በአየር መኖር ሳይሆን በአየር አለመኖር መሆኑን ለማስረዳት ብሞክር፣ «ልጄ፣ ባለመኖር ሥራ ሲሠራ ያየሁት የቀድሞ አለቃዬን ብቻ ነው» ብለው ዘጉኝ። የባንክ ሠራተኛው ጎረቤቴ የፍሬን ሸራው አልቋል አለ። ባለሱቁ የፍሬን ዘይቱ ኦሪጅናል አለመሆኑን፣ ጠርሙሱን እንኳ ሳያይ፣ አረጋገጠ። እትዬ ደግሞ ሁላችንንም በትዝብት ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ዓይን ነው፤ በቀደም ማጠብህ ነው ጉዱ» አሉኝ። የሄድኩበት ጋራዥም ከሰፈሬ የሚለየው ምክሩን በደረሰኝ በመስጠቱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሸራ፣ ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ፖምፓ ቀየሩልኝ፤ ፔዳሉ ግን ያው ድንጋይ ነው። መኪናዋ በቆመችበት ሞተሯ እንደሚንቀጠቀጥ ብነግራቸው ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አድርገው በጩኸት ሸፈኑት።

እዚህ ላይ ለአንባቢ የሚገባው ማብራሪያ አለ። ከፔዳሉ ፊት ለፊት፣ በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ድስት የመሰለ ዕቃ ሰርቮ ይባላል። ሆዱ በሰፊ የጎማ ንጣፍ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ የቤንዚን ሞተር ለራሱ አየር ሲስብ፣ አውራ ጣት በሚያህል ቱቦ በኩል የዚህንም ድስት አየር ይመጥጠዋል። ፍሬን ስንረግጥ የውጭው አየር በጀርባው በኩል ይገባና ንጣፉን ወደ ባዶው ወገን ይገፋዋል፤ እግራችን ፍሬን ያዝኩ እያለ ይኩራራ እንጂ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራለት ይህ ግፊት ነው። ስፋቱ 23 ሴንቲሜትር የሆነ ሰርቮ አዲስ አበባ ላይ የሚያገኘው እገዛ ወደ ሁለት ኩንታል ይጠጋል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብንሆን ሦስት ኩንታል ገደማ በሆነ ነበር፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን የምናገኘው ወደ 580 ብቻ ስለሆነ፣ ሦስተኛውን ኩንታል ለከፍታው እንገብራለን። ባዶ ነገር ጉልበት አለው ማለት ለማመን ይከብድ እንደሆነ፣ የማግደቡርግ ከንቲባ የነበረው ኦቶ ፎን ጌሪክ እ.ኤ.አ. በ1657 አየራቸው የተመጠጠ ሁለት የመዳብ ጎድጓዳ ሳህኖችን ገጥሞ በግራና በቀኝ ስምንት ስምንት ፈረስ ቢያስጎትት ሊያላቅቋቸው አልቻሉም። ባዶ ነገርን አደባባይ አውጥቶ ሕዝብን ያስደነቀ ከንቲባ እርሱ ነው፤ የመጨረሻው ነው ለማለት ግን አልደፍርም። (የናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ ሞተራችሁ ይህን ባዶ በራሱ ስለማይፈጥር ብዙውን ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ፓምፕ አስፈትሹ።)

ፍተሻው አምስት ሳንቲም አያስወጣም። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ያህል ረገጥኩና በሰርቮው ውስጥ የቀረ ነገር ካለ አስጨረስኩት፤ ከዚያም እግሬን ሳላነሳ ሞተሩን አስነሳሁ። ሰርቮው ጤነኛ፣ ቱቦውም ደኅና ከሆነ ፔዳሉ በዚህ ጊዜ ከእግር ሥር ትንሽ ሰመጥ ማለት አለበት። የእኔው ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ጥፋቱ ወይ ከቱቦው፣ ወይ አየሩ ወደ ሰርቮው እንዳይመለስ ከሚያግደው ትንሽ ቫልቭ፣ ወይ ከራሱ ከሰርቮው ነው፤ ይህን የሚለየው ደግሞ ጆሮ ነው። ሚኒሞውን መልሼ ዝቅ አደረግሁና ለማዳመጥ ኮፈኑን ከፈትኩ።

ኮፈን መክፈቴ ስሕተት ነበር። ጡረተኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ፤ የባንክ ሠራተኛው የጥርስ ብሩሹን እንደ ጎረሰ ደረሰ፤ ባለሱቁ ሱቁን ክፍት ትቶ፣ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆሙ። «ዝም በሉና እናዳምጥ» ብዬ ብለምን፣ ዝም የማለትን አስፈላጊነት ሁሉም ተራ በተራ ጮክ ብለው ደገፉልኝ።

በዚህ መካከል የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ከላይ በኩል መጥቶ ነፋ። በሰፈራችን ሰውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ብሩሹ እንኳ ከጥርስ ላይ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከሞተሩ በኩል፣ «ስስስስስ…» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እባብ!» አለ የባንክ ሠራተኛው፣ አረፋውን እየረጨ።

ቱቦው ነበር። ሞተሩ ላይ በሚገባበት ጫፍ፣ ቱቦውን አጥብቆ ከሚይዘው ቀለበት፣ ከፋሼታው ሥር፣ ጎማው በሙቀት ብዛት ደርቆ እንደ ገጠር ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አውራ ጣቴን ብጭንበት ቆዳዬን ሳብ አደረገኝ፤ ፉጨቱ ጠፋ፣ ሞተሩም መንቀጥቀጡን ትቶ ረጋ። ሞተሩን አጥፍቼ ሁለት ጣት የሚያህለውን ጫፍ በምላጭ ቆርጬ ጣልኩት፣ ጤነኛውን መልሼ ሰካሁት፣ ፋሼታውንም አጠበቅሁት። ፍተሻውን ብደግመው ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰመጥ አለ።

«ንፋስ ነው ብዬ ነበር!» አሉ ጡረተኛው። የባንክ ሠራተኛውም ሸራው አዲስ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይታወቅ አስረዳ፤ ክርክሩ እንደገና ሊጋጋል ሲል እትዬ፣ «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ተያየን። ስለ ቱቦው ስንጯጯህ የሟቹን ስም አንዳችንም አልሰማንም፤ ጡሩምባውም ከታች በኩል እየራቀ ነው። አራቱንም አሳፍሬ ቁልቁል ተከተልኩት። ከጡሩምባ ነፊው አጠገብ ስደርስ፣ እግሬ ሦስት ሳምንት በለመደው ጉልበት ፍሬኑን ረገጠው፤ መኪናዋ ባለችበት ተተክላ የጡረተኛው ግንባር ከመስታወቱ፣ የኋለኞቹ አፍንጫ ከወንበሩ ጋር ተላተመ። ጡሩምባ ነፊው ወደ አጥሩ ዘሎ ተለጥፎ፣ አምስታችንንም በየተራ ካየን በኋላ፣ «ኧረ እባካችሁ፣ ለዛሬ አንድ ቀብር ይበቃናል!» አለ።