ግብር የምትከፍሉለትን ወደብ እወቁት

በዋሽንግተን ግዛት ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ ከሲያትል ወጣ ብላችሁ ቤት ለገዛችሁ።

ስለ ወደብ ማውራት እንወዳለን። ጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነዱ ሲፈረም ያልተከራከረ ማን አለ? ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ታክሲ ተራ ላይ ወሬው ሁሉ አሰብና በርበራ ነበር። ክርክሩን አልነቅፍም። ወደብ ያጣ አገር ልጆች ነን፤ ያመናል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚሁ ቤታችሁ ባለበት አካባቢ፣ በየዓመቱ ግብር የምትከፍሉለት ወደብ አለ። በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው ወደቡን ከሚመሩት ኮሚሽነሮች የአንዱን ስም እንኳ ታውቃላችሁ?

የቤት ግብር ወረቀታችሁን አውጡና እዩት። ባንኩ ከሞርጌጁ ጋር ስለሚከፍልላችሁ ገልጣችሁት አታውቁ ይሆናል። ትምህርት ቤት፣ እሳት አደጋ፣ ቤተ መጻሕፍት ከሚሉት መስመሮች መሃል ብዙ ቦታ «ፖርት» የሚል አለ። ለመደበኛው ግብር ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ከንብረቱ ግምት በየ1,000 ዶላሩ 45 ሳንቲም ነው። ቤታችሁ 600,000 ዶላር ከተገመተ በዓመት እስከ 270 ዶላር ማለት ነው። ብዙዎቹ ወደቦች ከጣሪያው በታች ነው የሚጥሉት። ቢሆንም የሰፈሩ ሁሉ ሲደመር መሬት የሚገዛ፣ ሕንፃ የሚያቆም ገንዘብ ነው።

የራስን የሕዝብ ወደብ የማቋቋም መብት በነፃ የመጣ አይደለም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የሲያትልን የባሕር ዳርቻ የባቡር ኩባንያዎች ይዘውት ነበር። ገበሬውም ነጋዴውም ዕቃውን ለመጫን የእነሱን በር ማንኳኳት ነበረበት። ሕዝቡ ታግሎ በ1911 ሕጉ ወጣ፤ የአንድ አካባቢ ነዋሪ በድምፁ የራሱን ወደብ ማቋቋም ቻለ። ዛሬ በግዛቱ 75 የወደብ ወረዳዎች፣ ማለትም እንዲህ የተቋቋሙ የሕዝብ ወደቦች፣ አሉ። የሲያትሉ ትልቁ ነው፤ ኤርፖርቱም የእሱ ስለሆነ ብዙዎቻችን እንጀራችንን እዚያ እንበላለን። የሚቆጨኝ ግን የትንንሾቹ ነገር ነው።

ወደብ ሲባል መርከብና ክሬን ብቻ አይታያችሁ። የሰኒሳይድ ወደብ ከባሕር ርቆ በያኪማ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው። ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የምግብ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ማጣራት ነው። ያ ባይኖር ፋብሪካ ሁሉ የራሱን ማጣሪያ ልሥራ ሊል ነው፤ ትንሹ ደግሞ አይችለውም። የዊትማን ካውንቲ ወደብ በስንዴ አገር መሃል የኢንተርኔት ፋይበር ዘርግቷል። የኤድመንድስ ወደብ ከጀልባ ማቆሚያው ሌላ ለንግድ የሚያከራያቸው ሕንፃዎች አሉት።

እኔን የሚገርመኝ የዋላ ዋላው ነው። ወይን ጠጅ መጥመቅ የሚፈልግ ጀማሪ ካፒታል የለውም። ወደቡ በዋላ ዋላ ኤርፖርት ግቢ ትንንሽ ሕንፃዎችን ሠራና ለጀማሪዎች አከራየ። ኪራዩ በመጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። እስከ ስድስት ዓመት ቆይተው ወጥተው የራሳቸውን ይከፍታሉ፤ ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቃሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የግዛቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብን ገንዘብ ለግለሰብ በስጦታ መስጠት ይከለክላል። ስለዚህ ወደብ ብር አያድልም። መሬት ያዘጋጃል፣ ውኃና መንገድ ያስገባል፣ የተበከለ ቦታ ያጸዳል፣ ሕንፃ ያከራያል። ሥራውን የሚሠራው ተከራዩ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከእኛ ውስጥ ቡና የሚቆላ አለ። እንጀራ ጋግሮ ለየሱቁ የሚያከፋፍል አለ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ የጭነት መኪና ገዝቶ ማቆሚያ ያጣ አለ። ሁሉም የሚያለቅሰው ስለ ቦታ ነው፤ የመጋዘን ኪራይ አልቻልነውም፣ ፈቃድ ያለው ወጥ ቤት ጠፋ ይላል። ታዲያ ለወይን ጠማቂው የተሠራ ነገር ለእንጀራ ጋጋሪው የማይሠራበት ምክንያት ምንድነው? ማንም አልጠየቀም፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። ኮሚሽነር ደግሞ ያልሰማውን ፍላጎት በጀት ውስጥ ሊያስገባ አይችልም።

«ጊዜ የለንም» ትላላችሁ። ሁለት ሥራ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ግን ስለ ቀይ ባሕር ዩቲዩብ ላይ እስኪነጋ የምናመሸው እኛው ነን። ስብሰባው በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከ2022 ወዲህ ውሳኔ በሚተላለፍበት መደበኛ ስብሰባ ላይ የሕዝብ አስተያየት መቀበልም ግዴታቸው ነው። «እንግሊዝኛዬ አያወላዳም» የምትሉ፣ በጽሑፍም ይቀበላሉ፤ ልጆቻችሁ ይርዷችሁ። ዜግነት ገና ያላገኛችሁ መምረጥ አትችሉም፤ ገብታችሁ ከመናገር ግን የሚከለክላችሁ የለም።

ዜጎች የሆናችሁት ላይ ግን ጠንከር እላለሁ። የምርጫ ወረቀቱ እቤታችሁ ድረስ በፖስታ ይመጣል። ተሰልፋችሁ አትውሉ፣ ከሥራ አትቀሩ። የወደብ ኮሚሽነር የሚመረጠው ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ፕሬዝዳንት የሚመረጥበት ዓመት ስላልሆነ ፖስታውን ከማስታወቂያ ጋር ትጥሉታላችሁ። ይህ ነውር ነው። ብዙ ቦታ የሚወዳደረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምርጫ መባሉም ለስም ነው። ከዚያ ለረጅም ዓመታት የሚዘልቅ የመሬት ሊዝ በጥቂት ሰዎች ፊት ይጸድቃል። ያ መሬት የእናንተ ነው። የጋራ ሀብት ጠያቂ ሲያጣ ጥሩ ሰው የያዘው እንኳ ይዘናጋል፤ መጥፎው ከያዘውማ ምን እንደሚሆን ከአገራችን በላይ ምስክር አያሻንም።

ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች፦ ለበዓል አዳራሽ የምትከራዩትን ያህል ባይሆንም አንድ ምሽት ለዚህ ስጡ። በየትኛው የወደብ ወረዳ ውስጥ እንዳላችሁ ከካውንቲው ጠይቁ። አንዳንድ ሰፈር ጭራሽ በየትኛውም ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ እሱንም እወቁ። ከእናንተ ውስጥ አካውንታንት፣ ኮንትራክተር፣ ኢንጂነር፣ ሃያ ዓመት ጭነት የነዳ ሹፌር አለ። ዕጩ የሚመዘገበው በምርጫው ዓመት ሜይ ላይ ለአንድ ሳምንት ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ይመዝገብ፤ ሌሎቻችን ከወዲሁ በራፍ ለበራፍ ዞረን እንቀስቅስለት።