የጄን ኤር 20,000 ፓውንድ

በቪክቶሪያ ዘመን የተጻፉ የእንግሊዝ ልብ ወለዶች ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚባለው አንድ ነው፦ ድሃዋ ልጅ ጌታውን ወደደች፣ እሱም ወደዳት፣ ፍቅር መደብን አሸነፈ። ፊልሞቹም የሚሸጡት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 የታተመው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» እንዲህ ከሚነበቡት ዋነኛው ሲሆን፣ በዚህ አነባበብ ደራሲዋ ተበድላለች ብዬ አምናለሁ። ባለታሪኳ ጄን በመጨረሻ አሠሪዋን ሮቼስተርን ያገባችው የራሷን ገንዘብ ከያዘች በኋላ ነው። ብሮንቴም ይህን ያደረገችው አስባበት ነው።

የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ባልና ሚስትን እንደ አንድ ሰው ይቆጥር ነበር፤ ያ አንድ ሰው ግን ባልየው ነው። ሴቲቱ ባገባች ቀን ጥሬ ገንዘቧም፣ ጌጧም፣ ወደፊት በላቧ የምታገኘው ደሞዝም የእሱ ይሆናል። ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን በ1836 ከባሏ ከተለየች በኋላ እንኳ በብዕሯ ያገኘችው ገቢ በሕግ የእሱ ነበር፤ ልጆቿንም ወስዶባታል። ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው የራሷ ነው የተባለው በ1870፣ ንብረቷ በሙሉ የራሷ ነው የተባለው ደግሞ በ1882 በወጡ ሕጎች ነው። ባለጸጋ አባቶች ይህን ስለሚያውቁ የሴት ልጃቸውን ድርሻ በጋብቻ ውል ለባለአደራ እያስረከቡ ከአማች እጅ ያርቁት ነበር። ድሃ ልጅ ግን ምን ይዛ ትዋዋላለች?

ጄን በዓመት 30 ፓውንድ የሚከፈላት የቤት አስጠኚ ናት። ሠርጉ ሲቃረብ ሮቼስተር ሚልኮት ወደምትባለው ከተማ ወስዶ ልብስ ያስመርጣታል። እሱ ደማቅ ወይን ጠጅ ሐርና ሮዝ ሳቲን ሲያነሳ፣ እሷ ለምናም ተከራክራም በጥቁር ሳቲንና በግራጫ ሐር ታስማማዋለች። እሱ በገዛላት ቁጥር ጉንጯ በውርደት ስሜት ይግላል። ትወደዋለች፤ ስለምትወደውም ነው በሰው ገንዘብ መልበሱ የሚከብዳት። እዚያው ሠረገላው ውስጥ ማዴራ የሚኖረው አጎቷ ሊያወርሳት ማሰቡ ትዝ ይላታል። ጥቂትም ቢሆን የራሴ የምለው ነገር ቢኖረኝ የእሱን እጅ እያየሁ መኖሩን እችለው ነበር ትላለች፤ ቤት እንደገባች ለአጎቷ ልትጽፍ ትወስናለች።

ሠርጉን ያፈረሰው ይህ ደብዳቤ ነው። አጎቷ ዘንድ ሲደርስ የሮቼስተር የመጀመሪያ ሚስት ወንድም በአጋጣሚ እዚያው ነበር፤ ሙሽራው ባለትዳር መሆኑም ተገለጠ። ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ የታሰበበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። ጄን የራሷን ገንዘብ መሻቷ ከሐሰት ጋብቻ አዳናት። ያው አጎት ሲሞት ደግሞ 20,000 ፓውንድ አወረሳት፤ ከሦስቱ የአክስቷ ልጆች ጋር እኩል ተካፍላ 5,000 ያዘች። ወደ ሮቼስተር ስትመለስም ራሴን ችያለሁ፣ ሀብታምም ነኝ፣ የራሴ እመቤት ነኝ አለችው።

የመጀመሪያዋ ሚስት ቤርታ ከጄን የሚበልጥ ገንዘብ ነበራት። የሮቼስተር አባት ርስቱ እንዳይከፋፈል ብሎ ሁሉን ለታላቁ ልጅ አደረገና ታናሹን ባለ 30,000 ፓውንድ ሙሽራ ወዳገኘለት ወደ ጃማይካ ላከው። ስለ ገንዘቡ አልነገረውም፤ ያወራለት ስለ ቁንጅናዋ ነው። ሮቼስተር ተታለልኩ ይላል፤ እውነትም ተታሏል። ግን ገንዘቡ እሱ ዘንድ ቀረ፣ እሷ እስክትሞት ላይኛው ፎቅ ላይ ተቆለፈባት። በዚያች ደሴት እንዲህ ያለ ሀብት የሚከማቸው በባሪያ ጉልበት እንደነበረም ሊረሳ አይገባም።

ጄንስ ካገባች በኋላ? ውል ካላሰረች 5,000 ፓውንዱ ከዚያች ቀን ጀምሮ በሕግ የሮቼስተር ነው። መጽሐፉ ስለዚህ ምንም አይልም። ብሮንቴ ግን ጉዳዩን አሳምራ ታውቀው ነበር፤ በ1854 የአባቷን ረዳት ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስን ስታገባ የራሷን ገንዘብ በጋብቻ ውል አስጠብቃለች።

«ሚድልማርች» ግን ሌላ ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። በ1871 እና 1872 በክፍል በክፍል በወጣው በዚህ የጆርጅ ኤሊየት ልብ ወለድ የዶሮቲያ ባል፣ እሱ ከሞተ በኋላ ላዲስላው የተባለውን ወጣት ብታገባ ንብረቱን እንድታጣ የሚያደርግ አንቀጽ ኑዛዜው ላይ ጨምሮ ይሞታል። እሷም ሀብቱን ትታ ላዲስላውን ታገባለች። ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ባነበብኩት ቁጥር ያኮራኛል። ነገር ግን ዶሮቲያ ከወላጆቿ ያገኘችው በዓመት 700 ፓውንድ ገቢ ነበራት፤ ላዲስላውንም በእሱ እንኖራለን የምትለው እሷው ናት። ኤሊየት ቁጥሩን በግልጽ የጻፈችው፣ በዓመት 30 ፓውንድ የምታድር የቤት አስጠኚ ያንን ውሳኔ ልትወስን እንደማትችል ስለምታውቅ ነው።