ደጅ ጥናትና የሥልጣን ድርሻ፤ ከፌርፋክስ እስከ መሐል ሜዳ

ቨርጂኒያ ውስጥ በኖተሪ ፊት የተፈረመ ውክልና መንዝ ላይ እስኪሠራ ድረስ በስንት በር እንደሚያልፍ የቆጠረ ሰው ስለ ፌዴሬሽን ብዙ ተምሯል። ኖተሪውን የሚሾመው ስቴቱ ስለሆነ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ሪችመንድ ያለው የስቴቱ ጸሐፊ ቢሮ ነው። የሪችመንድን ማኅተም ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያረጋግጣል፤ የእሱን ኤምባሲያችን፤ የኤምባሲውን አዲስ አበባ ያለው የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። እያንዳንዱ የሚመረምረው ከበታቹ ያለውን አንድ ማኅተም ብቻ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። (ውክልናው ቤት ለመሸጥ ከሆነ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ የሚል ወረቀት ያን ሁሉ ማኅተም ተሸክሞ መጥቶም ይመለሳል።)

ወረቀቱ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማበር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ መሐል ሜዳ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ይጀምራል። ወረዳው ዞኑን ያያል፣ ዞኑ ባሕር ዳርን ያያል፣ ባሕር ዳር ደግሞ መመሪያ እስኪወርድለት አዲስ አበባን ይጠብቃል። ሸዋ ለዚህ የቆየ ቃል አለው፤ ደጅ ጥናት። በአንኮበር ዘመን አቤት ባይ የንጉሥ ደጅ ይጠና ነበር። ደጁ ግን አንድ ነበር፤ የማን እንደሆነም ይታወቅ ነበር። ዛሬ ደጁ በዝቷል። እኛ በውጭ ያለን ፌዴራሊዝም ይኑር አይኑር እያልን ዓመታት እንከራከራለን። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ከዚያ ያነሱ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ይህ ሥራ የማን ነው? ሳይሠራው ሲቀርስ ማን ይሽረዋል?

ወረቀት ላይ የሁለቱ አገሮች አከፋፈል ይቀራረባል። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 10ኛ ማሻሻያ (የአሜሪካን ዓመታት በፈረንጅ፣ የእኛን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለፌዴራሉ ያልተሰጠና ለስቴቶች ያልተከለከለ ሥልጣን የስቴቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 52 ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠውን ሁሉ ለክልል ይተዋል። ልዩነቱ ዝርዝሩ ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ አብዛኛው ወንጀል የሚዳኘው በስቴት ሕግ ሲሆን እኛ ዘንድ የወንጀል ሕጉን የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው። በመሬት ጉዳይ ደግሞ ፌዴራሉ ሕግ ያወጣል፣ ክልሉ በዚያ ሕግ መሠረት ያስተዳድራል። ስለዚህ የክልሉ እጅ ሰፊ ቢመስልም መጠኑ አስቀድሞ ተለክቶለታል።

ግብሩን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ጎረቤታሞች የሆኑ ሦስት ደመወዝተኞችን እናስብ። የዩኒቨርሲቲው መምህር የፌዴራል ሠራተኛ ስለሆነ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር በአንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራሉ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መምህር ግብር በአንቀጽ 97 የክልሉ ነው። በግል ቢራ ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤታቸው ግብርም የክልሉ ነው፤ የፋብሪካው የትርፍ ግብር ግን በአንቀጽ 98 የሁለቱ የጋራ ነው። በግል ስሙ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ግብሩን ለክልሉ ይከፍላል። ይኸው ነጋዴ ሥራው ሰፍቶለት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባቋቋመ ማግስት የትርፍ ግብሩ ወደ ጋራው ቋት ይገባል። ሱቁም ባለቤቱም አልተለወጡም፤ ክልሉ ግን ብቻውን ይሰበስበው ከነበረው ላይ ማካፈል ይጀምራል። የጋራው ገቢ በምን ቀመር እንደሚከፈል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ነጋዴዎቹን ያሳደገው የከተማው መንገድ፣ ውኃና የቆሻሻ አገልግሎት ሆኖ ሳለ፣ እድገቱ ለከተማው ወዲያው የሚታይ ገቢ አያመጣም ማለት ነው።

በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ደመወዝተኛ ሁለት ቅጽ ይሞላል፤ ለፌዴራሉ እስከ ኤፕሪል 15፣ ለቨርጂኒያ እስከ ሜይ 1። ያው ደመወዝ ሁለት ጊዜ ይገበራል፤ ሰውዬውም ለማን ስንት እንደከፈለ በዓይኑ ያየዋል። የቤቱ ግብር ደግሞ ለብቻው ከካውንቲው ይመጣለታል። የእኛ ደመወዝተኛ ግብሩ ከደመወዙ ተቆርጦ ይቀራል፤ ባሕር ዳር ይግባ አዲስ አበባ አያውቅም። የት እንደገባ ካላወቀ ደግሞ ማንን ይጠይቃል?

ገንዘቡ ከላይ ሲወርድ ያለው ነገር በሁለቱም አገር አንድ ባሕርይ አለው፤ ከፋዩ ያዝዛል። አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ መሸጫ ዕድሜ የስቴቶች ጉዳይ ነበር። በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዲሸጥ ወይም እንዲያዝ የሚፈቅድ ስቴት ከፌዴራል የመንገድ ገንዘቡ ጥቂት በመቶ ይቀነስበታል አለ። ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፤ በ1987 ተረታች፤ ሁሉም ስቴት ወደ 21 ገባ። እኛ ዘንድ የክልሎች በጀት በአብዛኛው በፌዴራል ድጎማ ላይ ተደግፎ የኖረ ነው። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ሲሰጥ ወረዳው ራሱ እንዲወስን ታስቦ ነበር። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ግን ለመወሰን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለትምህርት ቤት ጣሪያ ከማኅበረሰቡ መዋጮ የሚጠየቀውም፣ ስልኩ ወደ እኛ ወደ ውጭ ያለነው የሚደወለውም ለዚህ ነው።

የመሬት ካሣን ደግሞ እንመልከት። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ አርሶ አደር ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል ይላል። ሕጉ የፌዴራል ነው። ይዞታውን የመዘገበው የወረዳው መሬት አስተዳደር ነው። የሚያስለቅቀው ወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ ነው። ፕሮጀክቱ የፌዴራል ከሆነ ገንዘቡን መክፈል የነበረበት የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ2016 የወጣው ማሻሻያ ግን ክፍያውን ወደ ክልሎች አዛውሮታል። እዚህ ሰንሰለት ላይ ክፍያው ሲዘገይ ገበሬው የሚያውቀው በር የወረዳውን ብቻ ነው። ወረዳው ደግሞ ለበላዩ ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ አቅም የለውም። የገብስና የጤፍ ዋጋ በየክረምቱ በሚወጣበት አገር አንድ ዓመት የዘገየ ካሣ የተቆረጠ ካሣ ነው። አዋጁ ክፍያው ሳይፈጸም መሬት እንዳይለቀቅ ማለቱን አውቆ ቁሙ የሚል ካልተገኘ ጥበቃው ወረቀት ላይ ይቀራል። ዘመዶቻችንን መርዳት ከፈለግን ከገንዘቡ በፊት ይህን እንንገራቸው፦ የግምቱን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ፣ አስለቃዩ መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ ስሙን አጽፉ፣ ቅሬታችሁን በጊዜ ገደቡ ውስጥ በጽሑፍ አቅርቡ።

ወሰንን በሚመለከት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለማንም አበሻ ቅርብ ምሳሌ ናቸው፤ ግማሻችን ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ፣ ግማሻችን ወዲያ ነን። ወንዙ የሜሪላንድ ነው። የፌርፋክስ የውኃ ድርጅት በወንዙ ውስጥ የውኃ መሳቢያ ቱቦ ለመዘርጋት በ1996 ቢጠይቅ ሜሪላንድ ፈቃድ አዘገየች። ክርክሩ በ1785 ስምምነትና በ1877 የግልግል ውሳኔ እየተጠቀሰ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2003 ቨርጂኒያ ረታች። በእነዚያ ዓመታት ከድልድዩ ማዶ ያለ ሰው «መጤ ነህ» አልተባለም። ምክንያቱም በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ዜጋ የሚኖርበት ስቴት ዜጋ ነው ይላል፤ ነገሩ በዚያ አልቋል። እኛ ዘንድ አንቀጽ 46 ክልሎችን በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ይመሠርታል። የወሰን ክርክር በአንቀጽ 48 ክልሎቹ ካልተስማሙ በፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2 ዓመት ውስጥ ይወሰናል። ነገር ግን በምሥራቅ ከአፋር፣ በደቡብና በምዕራብ ከኦሮሚያ ለሚዋሰነው ሰሜን ሸዋ ወሰን ማለት የውኃ ቱቦ ብቻ አይደለም፤ ሰው የት «የራሱ» እንደሚባልም ይወስናል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ የከረሙት ተፈናቃዮች ብዙዎቹ ከሌላ ክልል ተባረው የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ በደል እያየ «የክልሉ ጉዳይ ነው» «የፌዴራሉ ጉዳይ ነው» የሚል ሹም ልቤን ያቆስለዋል። ሕገ መንግሥቱ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ፖሊስና ሰላም የክልሉ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ክልሉ ይጠይቃል፣ ፌዴራሉ ኃይል ይልካል። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ሕዝቡ የጠየቀውም ይህንኑ ነበር፤ ጠያቂው ማን ነው፣ ሰዓቱስ መቼ ነው?

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ዞኑ ነው። «ሰሜን ሸዋ ዞን» የሚለው ስም በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ የለም፤ አንቀጽ 50 ክልሎች የበታች እርከን እንዲያደራጁ ብቻ ነው የሚፈቅደው። በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት አዊ፣ ዋግ ኽምራና ከሚሴ ላይ የተቀመጠው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው። ሰሜን ሸዋ ግን የክልሉ ቅርንጫፍ ነው። አስተዳዳሪውን ባሕር ዳር ይሾማል፣ ባሕር ዳር ያነሳል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ጥቂት የሚጓዝ ሰው ከሚሴ ላይ ምክር ቤት ያገኛል፤ መንዝ፣ መርሐቤቴ፣ ጅሩ፣ ቡልጋና ይፋት ግን በደብረ ብርሃኑ ቢሮ ላይ ድምፅ የላቸውም። ቅሬታ ያለው ሰው ባሕር ዳር ድረስ በአዲስ አበባ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችም ቢሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት በ2005 ነው።

ፌርፋክስም በሕግ የስቴቱ ፍጡር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ ያልተፈቀደለትን ነገር ማድረግ አይችልም፤ የሰፈሩን አስፋልት እንኳ የሚጠግነው ስቴቱ ነው። ወንዙን ተሻግረን ሞንትጎመሪ ብንሄድ ደግሞ ከ1948 ጀምሮ የራሱ ቻርተር ያለው ካውንቲ እናገኛለን፤ በአንድ ፌዴሬሽን ውስጥ ሁለት ዓይነት አሠራር ይኖራል። ሥልጣኑ የተጠበበው ፌርፋክስ ግን 10 አባላት ያሉት፣ በሕዝብ የተመረጠ የአስተዳደር ቦርድ አለው። ቦርዱ የቤት ግብሩን መጣኔ በየዓመቱ በአደባባይ ያስከራክራል፤ ከበጀቱ ግማሽ ያህሉን ለትምህርት ቤት ያውላል። በ4 ዓመቱም ሕዝቡ ያወርደዋል ወይም ይመልሰዋል።

ለሰሜን ሸዋ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት ለመስጠት የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት መንካት፣ የማሻሻያውን ሥርዓት የሚደነግገውን የአንቀጽ 105ን ዳገት መውጣት አያስፈልግም። የክልሉን ሕገ መንግሥት ማሻሻል በክልሉ እጅ ነው። ከወረዳ ምክር ቤቶች የሚወከሉ አባላት ያሉት፣ የዞኑን በጀት የሚያጸድቅ፣ የመምሪያ ኃላፊዎችን ጠርቶ የሚጠይቅ፣ አስተዳዳሪውን መርጦ የሚያነሳ ምክር ቤት ደብረ ብርሃን ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የ2005ቱ የወረዳ ምርጫ መደገም አለበት፤ ወካዩ ራሱ ካልተመረጠ የሚወክለው የለምና።