ድልድዩን ሰይጣን አልሠራውም

ስዊዘርላንድ፣ ኡሪ በሚባለው ካንቶን (ክልል) ውስጥ ጎሸነን የምትባል ትንሽ የአልፕስ መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶዎች ናቸው። ሮይስ የሚባለው ወንዝ ከሾለነን ገደል እየተምዘገዘገ ወርዶ ደጃፏ ይደርሳል። አውራ ጎዳናውም እዚያው አጠገቧ ወደ ጎታርድ ዋሻ ይገባል። ከመግባቱ በፊት መንገዱ ዳር ቤት የሚያክል ቋጥኝ ተገትሯል። “የሰይጣን ድንጋይ” ይሉታል። ክብደቱ 220 ቶን ነው። አውራ ጎዳናው ሲሠራ ይኼ ድንጋይ መሀል መንገድ ላይ ተገኘና ይፈንዳ ተባለ፣ ሰው ተንጫጫ፣ በስተመጨረሻ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 300,000 ፍራንክ ገደማ ወጥቶበት 127 ሜትር ፈቀቅ ተደረገ።

ድንጋዩ መትረፉ ደስ ይለኛል። የማይዋጥልኝ ከጀርባው ያለው ተረት ነው።

ተረቱ እንዲህ ነው። የኡሪ ሰዎች ገደሉ ላይ ድልድይ መሥራት አቃታቸው። ሹማቸው ተስፋ ቆርጦ “እንግዲህ ሰይጣን ይሥራው!” አለ። ሰይጣን አፍታም አልቆየ፣ ከች አለ። እሠራለሁ፣ ዋጋዬ ግን መጀመሪያ የሚሻገረው ነፍስ ነው አላቸው። ድልድዩ ሲያልቅ ብልጦቹ ወጠጤ ፍየል ሰደዱበት። ሰይጣን በንዴት ጦፎ ድልድዩን ሊያፈርስ ያን ቋጥኝ ተሸክሞ ሲመጣ፣ አንዲት አሮጊት ድንጋዩ ላይ መስቀል ጫረችበት፤ እሱም ጥሎት ፈረጠጠ። ጥሩ ተረት ነው፣ አልክድም። ግን ልብ በሉ፦ ሹም አለ፣ ሰይጣን አለ፣ አሮጊት አለች፣ ፍየል እንኳ አለ። አናጢና ግንበኛ ግን የሉም።

ነበሩ እኮ! በ1200ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰዎች በቋጥኙ ጎን ግንድ ሰክተው፣ ሳንቃ ደርድረው፣ በሚጮኸው ወንዝ አናት ላይ መተላለፊያ አንጠለጠሉ፤ ወንዙንም በእንጨት ድልድይ ተሻገሩት። ርጭት ስለማይለየው “የሚረጨው ድልድይ” ተባለ። ሠሪዎቹ ዋልዘር የሚባሉ የተራራ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይገመታል፤ የመስኖ ቦይ ገደል ጎን ላይ ማንጠልጠል የለመዱ ናቸውና። ከዚያ በኋላ ጎታርድ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ የሚላንና የሰሜኑ አገር መገናኛ ሆነ። በ1231 የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ሃይንሪክ ኡሪን በቀጥታ በዘውዱ ሥር አደረጋት፤ የታሪክ ሰዎችም ነገሩን ከዚሁ መንገድ ጋር ያያይዙታል። ገደል ላይ የተሰካ ግንድ የፖለቲካ ካርታ ቀየረ ማለት ነው።

መንገድ ካለ ሲራራ አለ፣ ሲራራ ካለ ደግሞ ኬላ አለ። በቅሎ ነጂዎቹ ማኅበር ነበራቸው። እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ክልል ብቻ ነበር የሚጭነው፤ ዕቃው እየወረደ እንደገና ይጫናል፣ በየጣቢያው ይከፈላል። ጎሸነን ውስጥ በር ያለው የድሮ የኬላ ድልድይ ዛሬም አለ። ገደሉ ላይ ያለው ድልድይ በ1595 በድንጋይ ተሠራ፣ በ1830 አጠገቡ ሌላ ተተከለ፣ አሮጌው በ1888 ፈረሰ፣ የአሁኑ የመኪና ድልድይ የ1958 ነው። ይህን ያህል ጊዜ ድልድዩ ሲቀያየር “የሰይጣን ድልድይ” የሚለው ስሙ አልተቀየረም።

ከሰይጣን ቀጥሎ ዝናውን የወሰደው ጄኔራል ነው። መስከረም 25 ቀን 1799 የሩሲያው ሱቮሮቭ ከ20,000 በላይ ሠራዊቱን ይዞ ከጣሊያን በኩል መጥቶ እዚያ ገደል ውስጥ ፈረንሳዮቹን ገጠመ። ፈረንሳዮቹ መሻገሪያውን ሰብረውት ነበር። ሩሲያውያኑ ሳንቃ አምጥተው በመኮንኖች መታጠቂያ አስረው ተሻገሩ ይባላል። ለዚህ ውጊያ ከመቶ ዓመት በኋላ ቋጥኙ ላይ 12 ሜትር የሚሆን መስቀል ተፈለፈለ። በዚያው ዓመት ሠራዊት በሠራዊት ላይ ሲፈራረቅበት፣ ከብቱና ድርቆሹ የተወሰደበት ገበሬ ግን በሐውልቱ ላይ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ1872 የባቡር ዋሻ መቆፈር ተጀመረ፤ አንዱ አፍ ጎሸነን፣ ሌላው ከተራራው ማዶ ያለችው አይሮሎ። ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር። ሥራውን የያዘው ሉዊ ፋቭር የሚባል የጄኔቫ ተቋራጭ በስምንት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ፈረመ። የጥቂት መቶ ሰዎች መንደር በሺዎች ተጥለቀለቀች፣ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን። አንዱ ከአልጋ ሲነሳ ሌላው፣ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ እዚያው ይተኛል። ዋሻው ውስጥ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ጭሱ መውጫ የለውም፣ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ ይቆፍራል። በላዩ ላይ የአንጀት ትል ገብቶ ደማቸውን ጨረሰው።

ሐምሌ 1875 በቃን አሉ። ሥራ አቁመው የዋሻውን አፍ ዘጉ። ሚሊሻ ተጠራና ተኮሰባቸው፤ አራት ሰው ሞተ። ዋሻው እስኪያልቅ ደግሞ ከ170 በላይ ሰዎች በአደጋ ሞተዋል። በበሽታ ወደ አገራቸው ተመልሰው ያለቁት እዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም።

ፋቭር ራሱ በ1879 እዚያው ዋሻ ውስጥ ልቡ ቆሞ ሞተ። በየካቲት 1880 ሁለቱ ወገኖች በመሀል የቀረውን ቋጥኝ ሲበሱት፣ በቀዳዳው መጀመሪያ ያለፈው የፋቭር ፎቶ ነው፤ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ። ይኼን ሳነብ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ግን ደግሞ የአራቱ ፎቶ የታለ አልኩ። ቪንቸንዞ ቬላ የሚባለው ቀራጭ ማንም ሳያዝዘው የሞተ ሠራተኛ በቃሬዛ የተሸከሙ ጓደኞቹን ቀርጾ ነበር፤ ነሐሱ አይሮሎ ጣቢያ የቆመው በ1932 ነው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

እኛም ጋ ያው ነው። ፋቭር በሞተበት በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊሳዊ መሐንዲስ አንኮበር፣ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። በኋላ አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። ማን ሠራው ሲባል “ኢልግ” እንላለን። ግንዱን በትከሻው ያወረደውን ሰው ግን ማንም ጠርቶት አያውቅም።

ጎሸነን በዋሻው ገነነች፣ በዋሻው ተረሳች። በ2016 ከተራራው ሥር 57 ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ የባቡር ዋሻ ተከፈተ። ከዙሪክ ሚላን የሚሄድ ሰው አሁን ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ ያያል እንጂ መንደሯን አያይም። ነሐሴ 2023 ላይ ግን አንድ የጭነት ባቡር ታች አዲሱ ዋሻ ውስጥ ሐዲድ ስቶ ዋሻውን ሲጎዳው፣ የመንገደኛ ባቡሮች ለወራት ወደ አሮጌው መስመር ተመለሱ። እነዚያ 1880 ላይ የተበሳሱት ቋጥኞች እንደገና አውሮፓን ተሸከሙ። ለጥገናው ሁሉ ሲመሰገን አሮጌውን ዋሻ የቆፈሩትን ያነሳ አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ሌላ እየተቆፈረ ነው። በ2016 ሕዝቡ 57 በመቶ ድምፅ ሰጥቶ ለመኪና ሁለተኛ ዋሻ ይሠራ አለ፤ በ2030 ይከፈታል ተብሎ ይጠበቃል። የኔ ሐሳብ ይኼ ነው፦ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት የቆፋሪዎቹ ስም ዝርዝር፣ በ1875 ከተገደሉት አራቱ ጀምሮ፣ ጎሸነን በኩል ባለው መግቢያ ላይ ይቀረጽ። ከሰይጣኑ ድንጋይ አጠገብ ቢሆን ደግሞ የተሻለ። በየፋሲካው እዚያ መግቢያ ላይ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም የመኪና ሰልፍ አለ፤ ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ተቀምጠው ሳለ የሚያነቡት ያገኛሉ።